ቀይ ክንፍ ላይ ነጭ እራፊ

ሐሙስ ነበር፤ ጥቅምት ሊጋመስ ሲል፣ ሐሙስ። የልብስ ተኳሹ የእህት ልጅ ነገሩን ሁልጊዜ እንዲህ ብላ ትጀምርና ወዲያው ራሷን ትጠራጠራለች። «ሐሙስ መሆን አለበት፤ ክፍል የማልገባበት ቀን ነበር» ትላለች ጮክ ብላ፣ የሚሰማት ሰው ባይኖርም። እናቷ ቤት ካለች ግን ከወዲያኛው ክፍል መልስ አይጠፋም። «ዓርብ ነው። ሐሙስማ እኔ ጥርሴን ተነቅዬ ጉንጬ ይህን አክሎ ነበር። ያን ቀን እንደዚያ ስስቅ የዋልኩት በየትኛው አፌ ነው?»

እንግዲያው ዓርብ ይሁን። ሐሙስም ሆነ ዓርብ፣ አጎቷ ከተማውን ለቆ የሄደበት ቀን ነው።

አጎቷ ልብስ ተኳሽ ነበር። ገና ጢም ሳያወጣ አንድ ላውንደሪ ቤት ገብቶ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ፣ ከአንድ መስኮት ፊት ቆሞ ኖረ። ሰፈሩ «ካውያው» ይለዋል። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው። ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ፊት አያይም፤ ኮሌታ ያያል። ሰርግ ሄዶ ሲመለስ «ሙሽራዋ እንዴት ነበረች?» ሲሉት «የሙሽራው እጅጌ ላይ ሁለት መስመር ነበረ፤ ያሳዝናል» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። እሱ ራሱ የሚለብሰው ሸሚዝ ግን ከላም አፍ የወጣ ነው የሚመስለው። ይህን ሲሉት «ታዲያ አሁን ሥራ ላይ ነኝ?» ይላል።

በሥራው ቀልድ አያውቅም። በተለይ ካውያ ሰክቶ ረስቶ አያውቅም። ማታ ሲወጣ ገመዱን ነቅሎ፣ ጫፉን በእጁ ዳብሶ፣ በሩን ዘግቶ፣ እንደገና ከፍቶ ያየዋል። «የራስህ ቤት ቢቃጠል የራስህ ነው» ይላል፤ «ላውንደሪ ቤት ከተቃጠለ ግን ሰፈሩ ሁሉ ራቁቱን መጥቶ ልብሴን አምጣ ይልሃል።»

ስልክ ላይ ደግሞ ወሬ የሚባል ነገር የለውም። ታላቅ እህቱ፣ የልጅቱ እናት፣ የስልክ ኦፕሬተር ነበረችና «መስመር አታጨናንቅ» እያለች ነው ያሳደገችው። «ደህና ናችሁ? እኔም ደህና ነኝ» ይልና ይዘጋል። ከእሱ ጋር ቁም ነገር መጫወት የፈለገ ሰው ሄዶ ከጠረጴዛው ማዶ መቀመጥ አለበት፤ ያውም እጁ ሥራ ይዞ ሳለ። እጁ ሥራ ሲፈታ አፉም ይዘጋል።

ከላውንደሪው ግድግዳ ወዲያ ማዶ የእህቱ ባል የራዲዮ መጠገኛ ክፍል ነበር፤ የልጅቱ አባት። እናቷ ባሏን ያገኘችው ለወንድሟ ምሳ ልታደርስ መጥታ በር ተሳስታ ገብታ ነው ይባላል። እሷ ግን አሁን በስተርጅና «በሩን አልተሳሳትኩም» ማለት ጀምራለች። ሁለቱ አማቾች ግድግዳውን በጣት እየቆረቆሩ ነበር የሚጠራሩት። አንድ ጊዜ ከቆረቆረ ሻይ፣ ደጋግሞ ከቆረቆረ ደንበኛ ነዘነዘኝ፣ አድነኝ ማለት ነው።

የደንብ ልብሱን ከካውያው በቀር ለማንም የማይሰጥ አንድ አብራሪ ነበር። ከአንዱ ጉዞው ሲመለስ ረዥም ሳጥን ይዞለት መጣ። ውስጡ ባልሳ የሚባል፣ እንደ ቡሽ የቀለለና በስሱ የተሰነጠቀ እንጨት ነበረበት፤ የአንድ ትንሽ አውሮፕላን ንድፍና አንድ ጥቅል ቀይ ሽፋንም አለ። ካውያው ከፍቶ አየ፣ መልሶ ዘጋ፣ ግድግዳውን ቆረቆረ።

«ይሄ ያንተ ነው» አለው ለአማቹ።

አማቹ ንድፉን ዘርግቶ ብዙ አነበበ። «እንጨቱስ የኔ ይሁን» አለ። «ሽፋኑ ግን በካውያ እየተተኮሰ ነው የሚለጠፈው ይላል። እሱ ያንተ ሥራ ነው።»

በዚህ ተካፈሉ። አጥንቱ የአንዱ፣ ልብሱ የሌላው ሆነ።

አባቷ ድርሻውን ጨረሰ። ከራዲዮ በተረፈው ሰዓት በምላጭ እየቆረጠ፣ በሙጫ እያያያዘ፣ ከጎረቤቱ በተዋሰው የልብስ መቆንጠጫ እየያዘ፣ እንደ ጎን አጥንት ተደርድረው የቆሙ ስስ ቁራጮችን ክንፍ አደረጋቸው። የመጨረሻው ሙጫ በደረቀ ሰሞን እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ካውያው ግድግዳውን ቢቆረቁር መልስ አጣ። ልጅቱ ያኔ ገና አፏን መፍታቷ ነበር። ከአባቷ የቀራት ሽቦ ሲበየድ የሚወጣው የጭስ ሽታ ብቻ ነው፤ እሱም የራሷ ትዝታ ይሁን የእናቷ ወሬ እርግጠኛ አይደለችም።

ከዚያ ቀን በቤቱ የቀረ አንድ ሌላ ወሬ አለ። ባሏን ሊያለብሱት ሲሉ እናቷ ነጩን ሸሚዝ አጣችው። የደህና ቀን ሸሚዙ እሱ ነበር። ቤቱን አተራምሳ ፈለገች፣ የለም። ወንድሟንም ጠየቀችው፤ «እኔ ጋ አልመጣም» አላት። «ሁለተኛው ቁልፉ በአረንጓዴ ክር ነው የተሰፋው» ትላለች እስከ ዛሬ፤ «ነጭ ክር አልቆብኝ። በክራባት ይሸፈናል ብዬው ነበር፤ ክራባት አስሮ ለማያውቅ ሰውዬ።» በሌላ ሸሚዝ ተቀበረ። ቁም ሣጥን በተጸዳ ቁጥር፣ አልጋ ከቦታው በተነሣ ቁጥር «ያን ሸሚዝ ምን ዋጠው?» ሳትል አትቀርም።

አጥንቱን ካውያው ወሰደው። በላውንደሪ ላስቲክ ጠቅልሎ ከራሱ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው። ቀዩ ጥቅል ከጎኑ። እህቱ በየጊዜው «መቼ ነው የምታለብሰው? እርቃኑን ሊያረጅ ነው እኮ» ትለዋለች። እሱ «ይደርሳል» ይላል። ይደርሳል የላውንደሪ ቃል ነው፤ ልብስህ ገና ከክምሩ ሥር ነው ማለት ነው። ልጅቱ አደገች፣ ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ማስተማር ጀመረች፣ ፀጉሯ ውስጥ ሽበት ብቅ አለ። አውሮፕላኑ አሁንም ይደርሳል ነበር።

ከዚያ የካውያው ጉልበት ከዳው። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው አላወጣ አላወርድ አለው። በሌላ ከተማ ያለች ሴት ልጁ «እኔ ጋ ትመጣለህ፣ አለቀ» አለች፤ ባሏ በመኪና መጥቶ እንዲወስደው ተቆረጠ። በዚያ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት ካውያው እህቱ ቤት ከች አለ፤ ሻንጣውን፣ ግራጫ የመተኮሻ ብርድ ልብሱን፣ ካውያውንና በላስቲክ የተጠቀለለውን አጥንት ይዞ። የእህቱንም ልጅ አስጠራት።

«ሁለት እጅ አይበቃውም» አላት። «አንቺ ትይዢልኛለሽ።»

«ዛሬ?» አለች እናቷ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለጥ ብለህ ተኝተህ፣ የምትሄድበት ቀን ነው ትዝ ያለህ?»

«ሥራ ሲጣደፍ ነው የሚያምረው፣ እትዬ።»

«ለደንበኛ ነዋ እንዲህ የሚባለው።»

እሱ ብርድ ልብሱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠርዙን እየጎተተ ያስተካክል ነበር። «ሳላለብሰው ከሄድኩ ማንም አያለብሰውም» አለ፣ ቀና ሳይል። «ተካፍለናል እኮ። እሱ ድርሻውን ጨርሷል።» ቀዩን ጥቅል አነሣና በመዳፉ መዘነው። «ያለን ይሄ ብቻ ነው። ከተበላሸ የሚተካው የለም።»

የእህቱ ልጅ በልቧ ሌላ ነገር ነበር የያዘችው። አጎቷ ሥራ ይዞ ከፊቱ የምትቆምበት የመጨረሻው ቀን መሆኑን አውቃለች። ስለ አባቷ የምትጠይቀውን ከመንገድ ጀምራ ስታሰናዳ ነው የመጣችው።

መጀመሪያ ጥቅሉ በሕይወት መኖሩን ማየት ነበረባቸው። ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። አንድ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ በሌላው ፊቱ ሙጫ አለበት፤ ሙጫውን የሚጠብቅ ሌላ ብርሃን አሳላፊ ልጣጭ ተለጥፎበታል። ሙጫው ሙቀት ካላገኘ አይነቃም። ካውያው ጣቱን በምላሱ አርሶ የካውያውን ሆድ ነካ አደረገ፣ ጽስ ሲል አዳመጠ፣ ሙቀቱን ቀነሰ። «ሐር ነው ብለን ነው የምንይዘው» አለ። ከጥቅሉ ጫፍ ቅዳጅ ቆርጦ በአንድ ቁራጭ እንጨት ላይ ተኮሰው። በጥፍሩ ሊያነሣው ሞከረ። አልነሣ አለ።

«አልሞተም» አለ። እናቷም ሳታስበው «ተመስገን» አለች።

ከክንፎቹ ሆድ ጀመሩ። የታቹ መጀመሪያ፣ የላዩ ኋላ፤ የላዩ ጠርዝ የታቹን እንዲደርበው። እሷ ልጣጩን ስትገፈው ሽፋኑ እጅጌዋ ላይ ተጠመጠመባት፤ እናቷ «አውሮፕላኑን ትተሽ ራስሽን አለበስሽ» አለቻት። ካውያው ግን አልሳቀም። ከክንፉ ሥር በካውያው ጫፍ ትንሽ ነካ አድርጎ ያዘው። ቀጥሎ ከጫፉ፣ ቀጥሎ በፊቱና በኋላው ጠርዝ ዙሪያውን። መሃሉ ተጨማዶ ቀረ፤ ካልተተኮሰ አንሶላ የባሰ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ተበላሸ።»

«መሃሉን አትንኪው። አባትሽ ከንድፉ አንብቦልኛል፤ መሃሉ አይነካም።»

ካውያውን ከሽፋኑ በላይ ሳያስነካ አንዣበበው። ጭምድዱ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ነፋስ እንደተወው የኩሬ ውሃ ከዳር ወደ መሃል እየተዘረጋ ሄደ፣ ጠፋ። ክንፉ ተወጠረ። ካውያው በጣቱ መታ አደረገው፤ እንደ ከበሮ መለሰለት።

አጎቷ ካውያውን አቁሞ ክንፉን ብዙ ጊዜ አየው። «ዕድሜዬን ሙሉ ስጫን ኖሬ» አለ፣ «ለካ ያልተጫኑትም ይተኮሳል።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ተያዘላቸው። ጭራው ለበሰ፣ ሆዱ ለበሰ፣ ቀኝ ክንፉ ከላይም ከታችም ለበሰ። ቀዩ ቀለም የጠዋቱን ብርሃን ጣሪያው ላይ ጣለው። እሷ ጫፍ እየያዘች ጥያቄዋን ጣል ታደርጋለች።

«ጋሼ፣ አባዬ ሲስቅ ድምፅ ነበረው?»

«አልነበረውም። በትከሻው ነበር የሚስቅ። ከኋላው የቆመ ሰው ያለቀሰ ይመስለዋል።»

«ሲሠራስ?»

«ምላሱን ያወጣል። ያን ስስ እንጨት ሲቆርጥ ምላሱ አብሮ ይዞራል። አንድ ቀን ትቆርጣታለህ ብዬዋለሁ። ያዢው፣ አትሳቢው፣ ያዢው ብቻ።»

«አብራችሁ ልታበሩት ነበር?»

«እህ።» ካውያውን ጠርዙ ላይ አስኬደ። «ላይ ሜዳው ጋ። እሁድ። ለብሼ ነው የምመጣው ብሎኝ ነበር፤ አውሮፕላኑ ለብሶ እኔ ቱታ? ብሎ።»

እናቷ ከመቀመጫዋ ሆና ይህን ሰማች። «ለኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም» አለች፣ ቀስ ብላ። ካውያው ጠርዙን ደግሞ ዞረው።

የቀረው የግራው ክንፍ ላይኛው ፊት ብቻ ነበር። ከጥቅሉም ልክ ለእሱ የሚበቃ ቀርቶ ነበር፤ የተረፈው እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ቅዳጅ ብቻ ነው። ካውያው ተዝናና። እጁ ሥራውን ለምዶት አፉ ስለ አንድ የድሮ ደንበኛ ማውራት ጀመረ፤ ሱሪውን አምጥቶ «መስመሩን እንደ ቢላ አድርግልኝ» ይል ስለነበረ ዳኛ። እያወራ እጁን ዘረጋ፣ የእህቱን የውሃ ብርጭቆ አነሣ፣ አንድ ጉንጭ ሞላ፣ ጎንበስ ብሎ በክንፉ ላይ ፍፍፍ አደረገው።

ልብስ ተኳሾች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። የደረቀ ጨርቅ አይተኮስም፤ ውሃ በአፍ ይነፋበታል። አጎቷ ዕድሜውን ሙሉ ሲነፋ ኖሯል። አሁን ግን ፊቱ ያለው ጨርቅ አልነበረም።

 ካውያው ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ አገጩ ላይ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላለች። የአባቷ እንጨት ላይ ውሃው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ጣለ።

«አጠብከው» አለች እናቷ። ከዚያ ሳቋ መጣ። በአንድ እጇ ጉንጯን ይዛ፣ በሌላው ጠረጴዛውን እየመታች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ወይ አንተ ልጅ... አውሮፕላኑን... አጠብከው እኮ...» የእህቱ ልጅም መያዝ አቃታት። ካውያው ራሱ አገጩን በእጅጌው ጠርጎ «እጄ ነው» አለ፤ «እኔ አይደለሁም። እጄ ነው።»

ክንፉን ፀሐይ ያለበት መስኮት ላይ አቆሙት። ባልሳ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ቶሎ አይመልስም። እየጠበቁ ሳለ የመኪና ጥሩምባ ከበር ተሰማ፤ የሴት ልጁ ባል ደረሰ። ረጅም፣ ትሑት፣ ችኩል ሰው ነው። ሌሊት መንዳት የሚፈራ ሰው መሆኑን ገብቶ ሳይቀመጥ ተናገረ። «አባባ፣ ሳይመሽ መንገዱን ብንጀምረው?»

«ይደርሳል» አለ ካውያው።

«እሱ ሳይጨርስ አትነዳም፣ የኔ ልጅ» አለችው እናቷ። «ይደርሳል ካለህ ተቀመጥ።»

ካውያው ግን አልተቀመጠም። ወደ መስኮቱ ሄደ፣ እንጨቱን በጣቱ ጀርባ ዳሰሰ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። «ደርቋል» አለ። የእህቱ ልጅም ዳሰሰችው። ቀዝቃዛ ነበር። ልትለው ፈለገች፤ ግን አጎቷ ክንፉን አንሥቶ ብርድ ልብሱ ላይ አስተኝቶታል።

የመጨረሻውን ቀይ ሽፋን ዘረጉት። ሥሩን ያዘ፣ ጫፉን ያዘ፣ ጠርዙን ዞረ። ካውያውን አንዣበበ። ከዳሩ አማረ። ውሃ የጠጣው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሽፋኑ እንደ ቆዳ ቋጠረ፤ ከሥሩ እንፋሎት ነበረ። ካውያው ጠበቀ። ቋጠሮው አልወረደም። እጁ፣ ያው እጁ፣ የተነፋ ጨርቅ ያየ መስሎት ካውያውን አወረደና ተጫነው። ጽስስ አለ። ሲያነሣው ሽፋኑ ተሸብሽቦ፣ በሁለት የጎን አጥንቶች መሃል የእጅ መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ ተከፈተ። ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

አሁን የሳቀ የለም። ካውያው ካውያውን አቆመ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ የሰው እጅ ይመስል ያያቸው ጀመር። እሷ ቅዳጁን አንሥታ ቀዳዳው ላይ ለካችው። ሩቡንም አይሸፍንም።

«እንደዚሁ ይሰቀል፣ ወንድሜ» አለች እናቷ። ‘ወንድሜ’ ስትለው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። «ማን ያየዋል? እኔ ነኝ የማየው።»

«እሱ አንድ አጥንት ሳይጎድል ነው የሰጠኝ» አለ።

የልጁ ባል ሰዓቱን አየና መልሶ እጅጌውን ጣለበት። ካውያው ከወንበሩ ተነሣ። አንካሳ እርምጃውን እየጎተተ ሻንጣው ወዳለበት የጓዳ ክፍል ገባ፤ በሩን ከኋላው መለስ አደረገው። ብዙ ቆየ። ሲወጣ በእጁ አራት ማዕዘን የሆነ ነጭ ጨርቅ ይዟል። ጠርዙ በመቀስ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ስስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጨማደደ ጨርቅ ነበር። በሌላ እጁ ኮሌታ የሚያጠነክሩበት የስታርች ዱቄት ቋጠሮ ይዟል።

«ይህን በጥብጪልኝ» አላት። «ቀጠን አድርጊው።»

እሷ ኩሽና ገብታ ስታርቹን በትኩስ ውሃ በጥብጣ አመጣች። እሱ የተሸበሸበውን ሽፋን ሁለቱን አጥንቶች ተከትሎ በምላጭ ቆርጦ አውጥቷል። ጨርቁን ነከረ፣ በሁለት ጣቶቹ መሃል አሳልፎ ጨመቀ፣ በባዶው ቦታ ላይ ዘረጋ። እዚህ ሲደርስ እጁ የራሱ እጅ ሆነ። ጨርቅ ነበርና። ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር እያለ፣ አየር ሳያስቀር፣ ሳይቸኩል ተኮሰው። የሚተኮስ ስታርች ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የላውንደሪው ሽታ፣ እሷ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታልፍበት በር ሽታ። ጥያቄዎቿን ሁሉ ረስታ እሱን ብቻ ታይ ጀመር።

«ከየት አመጣኸው ጋሼ?» አለችው በኋላ።

«ባለቤቱ ካልወሰደው ልብስ። ላውንደሪ ቤት መቼም አይጠፋም።»

«የሰው ልብስ ቀደድክ?»

«አይጠይቀኝም» አለ።

ጨርቁ ሲደርቅ ተወጠረ። ካውያው በጣቱ መታው። ቀዩ እንደ ከበሮ ነበር የሚመልሰው፤ ነጩ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግድግዳ በጣት ሲቆረቆር እንደሚሰማው ዓይነት መለሰ። አንድ ጊዜ ብቻ መታውና እጁን ሰበሰበ።

ሳሎኑ ጣሪያ ላይ የድሮ መብራት የሚሰቀልበት መንጠቆ አለ፤ እዚያ ሰቀሉት። የልጁ ባል ቁመቱ ጠቀመ። እናቷ ከሥሩ ቆማ ቀና ብላ አየችው። «ሱሪው የተጣፈ ይመስላል» አለች፤ ከዚያ ቆይታ «አማረበት» አለች። ካውያው ቀና አላለም። ብርድ ልብሱን እያጠፈ ነበር።

ስንብቱ እንደ ማንኛውም ስንብት በር ላይ ተንዛዛ። የልጁ ባል ሻንጣውን ጫነ። እህትና ወንድም ተቃቀፉ፤ እሷ በሁለት እጇ ኮሌታውን አስተካከለችለት። «ስትደርስ ደውል።»

«እደውላለሁ።»

«አዎ፣ ትደውልና ደህና ነኝ ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋለህ።»

«መስመር እንዳላጨናንቅ ነዋ።»

መኪና ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ፣ ሞተሩም ከተነሣ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። የእህቱን ልጅ በጣቱ ጠራት። «የኔ ልጅ፣ ካውያውን ነቅዬዋለሁ?»

«ነቅለኸዋል መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሆንም። እስቲ ግቢና እዪልኝ። ብርድ ልብሱን ለአንቺ ትቻለሁ፤ እሱንም ከጠረጴዛው ላይ አንሺው። አታራግፊው፤ ቀስ ብለሽ ክፈቺው።»

ገባች። ካውያው ተነቅሏል። ገመዱ እጀታው ላይ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ቀዝቅዞ ቆሟል። እሷም እዚያ ቆማ ነበር ያሰበችው፤ ይህ ሰው በሕይወቱ ካውያ ሰክቶ ረስቶ አያውቅም።

ብርድ ልብሱን ከፈተችው። መሃሉ ላይ አንድ ነጭ ሸሚዝ አለ። የላውንደሪ አስተጣጠፍ፤ ኮሌታው ቀና፣ እጅጌዎቹ ወደ ኋላ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ እንደ አዲስ ወረቀት የተተኮሰ። ሁለተኛው ቁልፍ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል።

ገለበጠችው። ከጀርባው አራት ማዕዘን ተቆርጦ ወጥቷል።

«እኔ ጋ አልመጣም» ብሎ ነበር። መጥቶ ነበር። ለዚያ እሁድ ሊተኮስ መጥቶ ከክምሩ ሥር ሳይደርስ ቀርቶ ነው ያፈረው? ወይስ ተተኩሶ ተሰቅሎ፣ ባለቤቱ በማግስቱ ግድግዳ ቆርቁሮ የሚወስደው መስሎት ነው አልሰጥም ያለው? ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በስልክ የማይናገር ሰው ነው። ሸሚዙን እንደያዘች ወጥታ ሮጠች።

መኪናው ከበሩ ተነቃንቆ ነበር። የአጎቷ እጅ በመስኮቱ ወጥቷል፤ እንደ ሰው አያውለበልብም፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ አየሩን ቀስ ብሎ ያስተካክለዋል፣ ከመሃል ወደ ዳር። «ጋሼ» ልትል አፏን ከፈተች። እናቷ በሩ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታት፣ መኪናውን እየሸኘች ቆማለች። መኪናው ከዳቦ ቤቱ ጥግ ታጠፈ፤ እጁም አብሮ ታጠፈ።

እናቷ ዓይኗን እየጠረገች ዞረች። «ተነቅሏል?» አለቻት።

ሸሚዙን ወደ ኋላዋ አዞረችው። «ተነቅሏል» አለች።